የሣጥኑ ዋጋና የጨዋታው ዋጋ

የማኅበራችን የመዝናኛ ክፍል ያጠራቀመው ጥቂት ገንዘብ ምን ይገዛበት የሚለው ጥያቄ ከተነሣ ወዲህ ግቢያችን በሁለት ጎራ ተከፍሎአል። አንደኛው ወገን «ኮንሶል ይገዛ፤ ርካሽ ነው፤ ሰክቶ መጫወት ብቻ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ኮምፒውተር ይገዛ፤ ዛሬ ቢወደድም ውሎ አድሮ ይረክሳል፤ ጥናትም ይጠናበታል» ሲል ይመልሳል። ክርክሩ ከምግብ ቤቱ ሰልፍ ተነሥቶ እስከ ማደሪያው ኮሪደር ድረስ እኩለ ሌሊት ሳይቀር ይሰማል። የሚያሳዝነው ግን ሁለቱም ወገኖች ድምፃቸውን እንጂ እርሳሳቸውን ሲያነሡ አለመታየታቸው ነው።

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ በሒሳብ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። መደመርና መቀነስ ለኢንጂነሪንግ ፋኩልቲ ብቻ በርስት የተሰጠ ስላልሆነ፥ ዐሳቤን በቍጥር አስደግፌ ለማቅረብ እወዳለሁ። ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

በመጀመሪያ የነገሩን ሥር እንመልከት። በ1962 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጥቂት ወጣቶች ፒ.ዲ.ፒ.-1 በተባለ ኮምፒውተር ላይ «ስፔስዎር» የተባለ የጠፈር ውጊያ ጨዋታ ሠሩ። የመኪናው ዋጋ 120,000 ዶላር ያህል ነበር። ይሁን እንጂ ከነዚያ ወጣቶች መካከል «ለጨዋታ 120,000 ዶላር ወጣ» ሊል የሚችል አልነበረም፤ መኪናው ለምርምር የመጣ ስለ ነበር ጨዋታው በላዩ የተገኘ ምራቂ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ በ1972 ማግናቮክስ የተባለው ኩባንያ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዘውን የመጀመሪያውን የቤት ኮንሶል «ኦዲሲ»ን ለገበያ አወጣ። ልዩነቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ግልጽ ነው። ኮምፒውተር የሥራ ዕቃ ሆኖ ሳለ የሚያጫውት ነው፤ ኮንሶል ግን ለጨዋታ ተወልዶ በጨዋታ የሚኖር፥ ጌታውንም በጨዋታ የሚያበላ ዕቃ ነው። የሁለቱን ዋጋ ለማነጻጸር የሚነሣ ሰው ይህን ከዘነጋ ሒሳቡ ከመጀመሪያው መሥመር ይበላሽበታል።

እንግዲህ ወደ ሣጥኑ ዋጋ እንምጣ። ኤፒክ የተባለው ኩባንያ አፕልን ከሶ በ2021 በካሊፎርኒያ ሲሟገቱ፥ የማይክሮሶፍት ኀላፊ የሆኑት ሎሪ ራይት ምስክር ሆነው ቀርበው ኩባንያቸው ከኤክስቦክስ ኮንሶል ሽያጭ ትርፍ አግኝቶ እንደማያውቅ ለችሎቱ ተናግረዋል። ሶኒም በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ሲያወጣ ከማምረቻው ወጪ በታች ይሸጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ለመሆኑ ነጋዴ እየከሰረ የሚሸጠው ምን ነክቶት ነው? ጽድቅ ፈልጎ ነውን? አይደለም። ሣጥኑን በርካሽ የሚሰጠን፥ ከዚያ በኋላ በምንገዛው ጨዋታ ሁሉ ላይ ድርሻውን ስለሚያነሣ ነው። በእነዚህ መደብሮች የተለመደው ድርሻ 30 በመቶ ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ ሻጮችም ድርሻ ይወስዳሉ፤ ነገር ግን በኮምፒውተር ላይ ብዙ መደብር አለና እርስ በርሳቸው ይሻማሉ። በኮንሶል ላይ ግን በኢንተርኔት የሚገዛበት በር አንድ ብቻ ነው፤ በረኛውም የሣጥኑ ጌታ ነው። ስለዚህ የኮንሶሉን ዋጋ ብቻ አይቶ የሚሮጥ ገዢ ሣሩን አይቶ ገደሉን ካላየው በሬ አይለይም።

አሁን እርሳሳችንን እናንሣ። ዋጋው የሚቈረጠው በውጭ አገር ስለሆነ በዶላር እንጀምር። ፕሌይስቴሽን 5 በኅዳር 2020 ሲወጣ ሲዲ የሚቀበለው በአሜሪካ 499.99 ዶላር ይሸጥ ነበር። ዕቃ ሲያረጅ ይረክሳል የሚለው የቈየ ደንብ በዚህ አልሠራም፤ በነሐሴ 2025 ወደ 549.99 ከፍ ተደረገ። ለሁለተኛ ተጫዋች ጆይስቲክ 75 ዶላር ያህል ነው። በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር ለመጫወት ደግሞ ዓመታዊ ክፍያ ያስፈልጋል። ይህ ክፍያ በፕሌይስቴሽን 3 ዘመን አልነበረም፤ በ2013 ከፕሌይስቴሽን 4 ጋር መጣ፤ በመስከረም 2023 ዝቅተኛው ዐይነት ወደ 79.99 ዶላር ከፍ አለ። አዳዲስ ትልልቅ ጨዋታዎች ደግሞ ከ2020 ወዲህ 69.99 ዶላር መሸጥ ለምደዋል። በዓመት 3 ጨዋታ ብቻ የሚገዛ ሰው በ5 ዓመት ውስጥ ለሣጥኑ 550፥ ለጆይስቲኩ 75፥ ለዓመታዊው ክፍያ 400፥ ለጨዋታዎቹ 1,050፥ በጠቅላላው 2,075 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። «ኮንሶል 550 ዶላር ነው» ሲባል የተነገረን የዕዳው ሩብ ነው።

የኮምፒውተሩ ወገን ግን ይህን አንብቦ አይፎክር። ለጨዋታ የሚበቃ ኮምፒውተር ከነሞኒተሩና ከነኪቦርዱ 1,200 ዶላር ነው እንበል። በኢንተርኔት ለመጫወት ለሣጥኑ ጌታ የሚከፈል ዓመታዊ ግብር የለም። ጨዋታዎቹም በየጊዜው በቅናሽ ስለሚሸጡ ታግሦ የሚጠብቅ ሰው አንዱን በአማካይ በ30 ዶላር ያገኛል ብንል፥ ለ15 ጨዋታዎች 450 ዶላር ይሆናል። በመካከሉ አንድ ጊዜ ግራፊክስ ካርዱን ለመለወጥ 300 ዶላር እንጨምርበት። ድምሩ 1,950 ነው። ስለዚህ በመደብሩ መስታወት ላይ 650 ዶላር የነበረው ልዩነት በ5 ዓመት ውስጥ መጥፋት ብቻ ሳይሆን፥ በ125 ዶላር ወደ ሌላው ወገን ዞሮአል።

ነገር ግን ይህ የሚሆነው ገዢው ልኩን ሲያውቅ ብቻ ነው። የኮምፒውተር ተጫዋች በሽታ «ትንሽ ይጨመርበት» የምትለው ቃል ናት። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ በ2016 ጂ.ቲ.ኤክስ. 1080 የተባለውን ካርድ 599 ዶላር ብሎ ጀመረ፤ በ2022 አር.ቲ.ኤክስ. 4090ን 1,599፥ በ2025 ደግሞ 5090ን 1,999 ዶላር አለው። ይህ የመጨረሻው፥ ካርዱ ብቻውን፥ እስከ 575 ዋት ኀይል ይበላል፤ ፕሌይስቴሽን 5 ግን ሙሉው ሣጥን ሲያጫውት 200 ዋት ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን ካርድ የሚገዛ ሰው ወጪ ቈጠብሁ ቢል ራሱን እንጂ ሌላ ሰው አያታልልም። በአንጻሩም፥ ኮንሶል ገዝቶ ያገለገለ ሲዲ እየገዛ ሲጨርስ መልሶ የሚሸጥ፥ ወይም እንደ ፎርትናይት ያለውን ዓመታዊ ክፍያ የማይጠይቅ ነፃ ጨዋታ ብቻ የሚጫወት ሰው ከላይ ካየነው ድምር ብዙ ሊቀንስ ይችላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ወጪውን የሚወስነው ከዕቃው ይልቅ የሰውየው ጠባይ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት በዶላር አግኝቶ በዶላር ለሚያወጣ ሰው ነው። አሁን ወደ እኛው ቤት እንግባ። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሐምሌ 22 ቀን ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለሒሳባችን 150 ብር ብንይዝ፥ 550 ዶላር ማለት 82,500 ብር ነው፤ በቀድሞው ምንዛሪ 31,350 ብር በሆነ ነበር። ይህም ገና ቀረጡ፥ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከልበት ነው። በ2017 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የዕለት ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ሲል ሁላችንም ደስ ብሎናል። በዚሁ ልክ ብንሰፍረው ኮንሶሉ የአንድ ተማሪ የ825 ቀን ምግብ ነው። ዓመታዊው ክፍያ ብቻውን 12,000 ብር፥ በወር 1,000 ብር ይመጣል። ይህን ከቤተ ሰቡ በሚላክለት ገንዘብ የሚያደርግ ተማሪ እናቱ ምን ሸጣ እንደ ላከችለት ቢያስብ መልካም ነው።

በዚህ ላይ በእኛ አገር ሒሳቡን የሚለውጡ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው የሲዲው ነገር ነው። ሶኒ ሲዲ የማይቀበለውን ፕሌይስቴሽን 5 በነሐሴ 2025 በ499.99፥ ማለት ከሌላው በ50 ዶላር አሳንሶ ይሸጥ ነበር። 50 ዶላር ተረፈኝ ብሎ ይህን የሚገዛ ሰው በእኛ ከተማ ትልቅ ስሕተት ይሠራል። ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ጨዋታ የሚዘዋወረው በእጅ ነው፤ አንዱ ገዝቶ ይጫወታል፥ ለሁለተኛው ይሸጣል፥ ሁለተኛው ከሦስተኛው ይለዋወጣል። ሲዲ የሌለው ሣጥን ከዚህ ገበያ ሁሉ ውጭ ነው፤ በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ የሌለው ተማሪም በዚያ ባለ አንድ በር መደብር ደጃፍ ቆሞ መቅረቱ ነው።

ሁለተኛው የባለቤትነት ነገር ነው። በኢንተርኔት የተገዛ ጨዋታ በኮምፒውተርም ይሁን በኮንሶል የገዢው ንብረት ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ነው። ስቲም የተባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጨዋታ መደብር ራሱ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ይህንኑ ለገዢዎቹ በግልጽ ይጽፋል። ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ በ2014 ያወጣውን «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ውድድር ጨዋታ በመጋቢት 2024 መጨረሻ አገልግሎቱን ሲዘጋው፥ ከፍለው የገዙት ሁሉ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የዚህን ጊዜ ሲዲ የያዘውም አልዳነም፤ ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት አይነሣምና። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ የዛሬዪቱ ላም በቅድሚያ የሚከፈልባት መሆኑ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የመብራትና የኢንተርኔት ነገር ነው። በአገራችን መብራት ሲሄድ የሚከፈለው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ኮንሶልና የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን በመካከል ድርግም ይላሉ፤ ስታቢላይዘር ያልገዛላቸውም ሰው አንድ ቀን መብራቱ በኀይል ሲመለስ ዕቃውን ሊያጣ ይችላል። እንግዲህ የስታቢላይዘሩ ዋጋ በሒሳቡ ይግባ። ደግሞም ከዛሬዎቹ ትልልቅ ጨዋታዎች አንዳንዱ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው «ነፃ ጨዋታ» የሚባለው ነገር ነፃነቱ በስሙ ላይ ብቻ ነው።

ይህን ስል አንዳንድ ጓደኞቼ «ምን አስጨነቀህ? ክራኩ በፍላሽ ይዞራል፤ በኮምፒውተር ጨዋታ ዋጋው ዜሮ ነው» እንደሚሉኝ ዐውቃለሁ። ለዚህ ያለኝ መልስ አጭር ነው። በፍላሽ የሚዞረው ጨዋታ ብቻውን አይዞርም፤ ቫይረሱን አስከትሎ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ያለ ተማሪ አንድ ምሽት ለተጫወተው ኳስ የዓመት ድካሙን ቢያጣ፥ ጨዋታው ዜሮ ብር ነበር ሊል አይችልም። ከዚህም ሌላ፥ ነገ መጽሐፋችን ወይም ፊልማችን ያለ ፈቃዳችን ሲባዛ «ሌባ!» ብለን የምንጮኸው እኛው የአርትስ ተማሪዎች ነን። በሰው ድካም ላይ የቈምን ሆነን ለራሳችን ድካም ጠበቃ መሆን አይቻልም።

እንግዲህ ፍርዴ ምንድን ነው? ለግለሰብና ለማኅበር የተለያየ ነው።

ብቻውን ለሆነ ተማሪ ኮምፒውተር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ይሁንና ይህን የምለው ለጨዋታ ተብሎ የሚገዛውን ሳይሆን ለትምህርት መግዛቱ የማይቀረውን ላፕቶፕ ነው። ለጥናት የሚበቃው 500 ዶላር፥ ግራፊክስ ካርድ ያለው 1,000 ዶላር ቢሆን፥ የጨዋታው ዋጋ 1,000 ሳይሆን በመካከላቸው ያለው 500 ነው። የሚሻለው ግን ያንንም 500 ትቶ፥ ያለችው ላፕቶፕ የምትችለውን መጫወት ነው። ከዓመታት በፊት የወጡ፥ ዋጋቸው የወረደና በማንኛውም ላፕቶፕ የሚሠሩ እጅግ ግሩም ጨዋታዎች ሞልተዋል። ጥሩ መጽሐፍ በ10 ዓመት እንደማያረጅ ሁሉ ጥሩ ጨዋታም አያረጅም።

ለማኅበራችን ግን ኮንሶል ይገዛ እላለሁ፤ ያውም ሲዲ የሚቀበለው። ምክንያቴን በቍጥር ላሳይ። አንድ ተማሪ ኮንሶሉን ለብቻው ገዝቶ በዓመት 200 ቀን፥ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ለ4 ዓመት ቢጫወት 1,200 ሰዓት ይሆናል፤ 82,500 ብር ለ1,200 ሲካፈል በሰዓት 69 ብር ያህል ነው። ማኅበሩ ያንኑ ሣጥን ከ3 ተጨማሪ ጆይስቲኮች ጋር በ116,250 ብር ገዝቶ፥ በዓመት 200 ቀን፥ በቀን 6 ሰዓት፥ ለ4 ሰው በአንድ ጊዜ ቢከፍተው በ4 ዓመት 19,200 የሰው ሰዓት ይሆናል፤ ለአንድ ሰው በሰዓት 6 ብር ማለት ነው። ለሲዲውና ለጥገናው እጥፍ ብናደርገው እንኳ ከ12 ብር ብዙም አያልፍም። ኮምፒውተርም ጆይስቲክና ቴሌቪዥን ይቀበላል የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፤ ነገር ግን 550 ዶላር ለሚሠራው ሥራ 1,200 ዶላር ማውጣት ለምን ያስፈልጋል? የቀረው ገንዘብ የመጻሕፍት መደርደሪያ ይሠራበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዚህ ጕዳይ የተነገረ ይመስላል። በየሰፈሩ ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ይህን ሒሳብ ከእኛ በፊት ዐውቀውታል፤ አንድ ሣጥን ለመንደር ልጆች ሁሉ እንደሚበቃ ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ ተረድተውታል።

አንዳንድ ጨዋ ጓደኞቻችን ደግሞ «ተማሪ ከመጀመሪያው ለምን ይጫወታል?» ይሉናል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ልንስቅበት አይገባም። ከወጪዎች ሁሉ ትልቁ በብርም በዶላርም ያልቈጠርነው ጊዜያችን ነው። ይሁን እንጂ ይህም ምክንያት የሚደግፈው የጋራውን ክፍል ነው። በማደሪያ አልጋው ላይ ብቻውን የሚጫወት ሰው የሚያቆመው እንቅልፍ ብቻ ነው፤ በመዝናኛ ክፍል ግን ወረፋ አለ፥ የመዝጊያ ሰዓት አለ፥ ከኋላ ቆሞ «ይብቃህ፤ ተራዬ ነው» የሚል ወንድም አለ። ይህ ወረፋ ለፈተና ሰሞን ከማናቸውም ምክር ይበልጣል።

እንግዲህ በሚመጣው ስብሰባ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንድታነሡ አደራ እላለሁ። ከሣጥኑ በኋላ በየዓመቱ የሚከፈለው ስንት ነው? የተገዛው ጨዋታ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ይችላልን? ስንት ሰውስ ይጠቀምበታል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ተከራካሪ፥ ከየትኛውም ጎራ ቢሆን፥ ገንዘባችንን ሊያስወጣን አይገባም። የመዝናኛ ክፍሉ ገንዘብ የተጠራቀመው ከእያንዳንዳችን ኪስ ነው፤ ፍርዱም የእያንዳንዳችን ይሁን።